ዲስኩ 80 ይላል፣ መነጽሩስ?

ይህን ጎግል፣ ማለትም ዓይንን ዙሪያውን የሚዘጋ የሥራ መነጽር፣ የገዛሁት ባለፈው ግንቦት ነው። አሁን የካቲት ገብቷል። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ከእሁድ በቀር፣ ሥራ ላይ ከፊቴ አልተለየም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለችው የብረት ሥራ ቤታችን ጠባብ ናት። በርና መስኮት እንሠራለን። ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ስንቆርጥ ፍንጣሪው ግድግዳ መትቶ ወደኛ ይመለሳል።

ለመግዛት ያስነሳኝ ሚያዝያ ላይ የደረሰው ነገር ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዓይን ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ገባ። መነጽር አድርጎ ነበር! እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መነጽሩ ጎኑና ላዩ ክፍት የሆነው ቀላሉ ዓይነት ነበር። ፍንጣሪው በቅንድቡና በመነጽሩ መሀል ሾልኮ ገባ። ልጁ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ «ነገ ይወጣል» ብሎ ተኛ። በማግስቱ ደም መስሎ መጣ። ሐኪሟ ብረቱን ካወጣች በኋላ በዙሪያው የቀረውን ዝገትም ጠረገችለት። ብረት ዓይን ላይ ካደረ ዝገት እንደሚተው ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን።

ያን ሰሞን ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሲደውል ነገሩን አጫወትኩት። እሱ ኤርሶፍት የሚባል ጨዋታ ይጫወታል። በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ ጠመንጃ በሚመስል መሣሪያ 6 ሚሊ ሜትር የሆነች የፕላስቲክ ጥይት ይተኳኮሳሉ። እሱ የሚጫወትበት ሜዳ ጎግል ያላደረገ ሰው አይገባም። «መነጽር ስትገዛ መልኩን አትይ፣ ሌንሱ ላይ የተቀረጸውን ፊደል አንብብ» አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት በብረት ሥራ ላይ ስኖር እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኤን 166 (EN 166) የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ፣ አሁን በአዲስ እየተተካ ቢሆንም፣ መነጽርን የሚፈትነው 6 ሚሊ ሜትር በሆነች፣ 0.86 ግራም በምትመዝን የብረት ኳስ ነው። ኤፍ (F) የሚል ፊደል ካለው ኳሷ በሰከንድ 45 ሜትር ስትመታው ችሏል ማለት ነው። ቢ (B) ካለው 120 ሜትር፣ ኤ (A) ካለው 190 ሜትር። ተራው ባለ እጀታ መነጽር ከኤፍ በላይ ሊያገኝ አይችልም። ቢ የሚያገኘው ፊት ላይ የሚገጥም ጎግል ወይም ሙሉ የፊት መከላከያ ነው። ኤ ደግሞ ለሙሉ የፊት መከላከያ ብቻ ነው። ፊደሉ ሌንሱም ክፈፉም ላይ አለ። ሁለቱ ከተለያዩ የሚቆጠረው ዝቅተኛው ነው።

እንግዲህ ትንሹን ግራይንደር፣ ብረት የምንቆርጥበትን ማሽን፣ እንውሰድ። የኔ ማሽን በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይዞራል፣ ዲስኩ፣ ማለትም የሚዞረው ክብ መቁረጫ፣ 115 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሰላ የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ 66 ሜትር ገደማ ይበርራል። በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ዲስኩ ላይ ራሱ የሚችለው የመጨረሻ ፍጥነት 80 ሜትር በሰከንድ ተብሎ ተጽፏል። የልጁ መነጽር ላይ የነበረው ኤፍ ነው፣ 45። ዲስክ ቢሰበር የሚወረወረው ስባሪ መነጽሩ ከተፈተነበት ፍጥነት በላይ ይመጣል ማለት ነው። ሂሳቡን ደብተር ላይ ሠርቼ ሳየው ራሴን ያዝኩ።

መርካቶ ሄጄ ግማሽ ቀን ፈለግኩ። ብዙው ዕቃ ምንም ፊደል የለውም። አንዱ ባለሱቅ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አሳየኝ፣ ሌንሱ ላይ ግን ባዶ ነው። ካርቶን ዓይን አይሸፍንም ብዬ ተውኩት። በመጨረሻ ሌንሱም ክፈፉም ላይ ቢ ያለበት፣ የአየር ቀዳዳው ቀጥታ ሳይሆን ተጠማዝዞ የሚገባ ጎግል አገኘሁ። 1,700 ብር። ለልጁም አንድ ገዛሁ።

መከላከሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጥቅምት ላይ የልጁ ዲስክ ቱቦላሬው ውስጥ ተቀርቅሮ ተሰበረ። አንዱ ስባሪ ጎግሉን ከቀኝ በኩል መታው። ጥፍር የሚያስገባ ጭረት ቀረ፣ ሌንሱ ግን አልተሰነጠቀም። ልጁ ማሽኑን አጥፍቶ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ለትንሽ ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም።

ያስቸገረን እንፋሎት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአዲስ አበባን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ብርዱ ከውጭ፣ ላቡ ከውስጥ፣ በዚያ ላይ የአቧራ ማስክ አለ። ትንፋሽ በአፍንጫ በኩል ወደ ላይ ይወጣና ሌንሱን ያለብሰዋል። «ጋሼ፣ ምንም አይታየኝም እኮ» ይለኛል ልጁ፣ ከዚያ ጎግሉን ግንባሩ ላይ ይሰቅለዋል። ግንባር ላይ የተሰቀለ ጎግል የለም ማለት ነው። በዚህ ነገር ብዙ ተጨቃጭቀናል። በኋላ ግን ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ ገባኝ። የማያይ ሰው ግራይንደር መያዝ የለበትም፣ ልጁ ትክክል ነበር። መፍትሔ መፈለግ የኔ ሥራ ነው።

የረዳን ሦስት ነገር ነው። የማስኩን ሽቦ አፍንጫ ላይ ጥብቅ አድርጎ መጫን፣ ይሄ ግማሹን አስቀረው። ጠዋት ጠዋት አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና በውሃ አቅጥኖ ውስጡን መቀባትና ሳይፈገፈግ ማድረቅ። ሦስተኛው፣ በየሃያ ደቂቃው ማሽን አጥፍቶ ወደ በሩ መውጣትና ማናፈስ። ሌንሱ ሲገዛ እንፋሎት የሚከለክል ቅባት ነበረው፤ በሸሚዝ ጫፍ እየጠረግን አራት ወር ሳይሞላ ጨረስነው። በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ። የብረት ብናኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። በውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁ።

አንድ ሌንስ ደግሞ በቲነር፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ ሞተብን። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ተረጭቶበት ነበርና ልጁ በቲነር አጸዳው። ሌንሱ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ድንጋይ ይችላል፣ ቲነር ግን አይችልም። ወዲያው ነጣ፣ ከዚያ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። እንዲህ የሆነ ሌንስ ቢያሳይም እንኳ ይጣል፣ ጥንካሬው ሄዷል። ሌንሱ ብቻውን ይሸጣል፣ 450 ብር ነው የወሰደብኝ።

የአክስቴ ልጅ የሽቦ ወንፊት ማስክም አሳይቶኝ ነበር። ኤርሶፍት ላይ ብዙ ሰው ይወደዋል፣ እንፋሎት አይይዝማ። ለኛ ሥራ ግን አይሆንም። ብናኝ በወንፊት ያልፋል። እነሱም ጋ ቢሆን ጥይቷ ተሰብራ ቁራጯ ልትገባ ትችላለች።

ሙሉ የፊት መከላከያ ገዝቻለሁ፣ ለትልቁ ግራይንደር። ጉንጭና አገጭ ያድናል። ግን ብቻውን አይበቃም፣ ከሥሩ ክፍት ነው። ጎግሉ ከውስጥ ይቀመጣል፣ እሱ ከላይ። የዲስክ ስባሪ ከፈተናዋ ኳስ ሊከብድ ስለሚችል ቢ ብቻውን ሁሉን አይመልስም። ሁለቱ ሲደረቡ እመርጣለሁ፣ ሙቀቱ ቢያማርርም።

ለብየዳ ግን እንዳትሳሳቱ። ነጭ ሌንስ የብየዳን ብርሃን አይችለውም። ለዚያ የራሱ ጥቁር መስታወት ያለው የብየዳ ማስክ አለ። ሌሊት ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተደፋበት የመሰለው በያጅ ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

አሁን የጎግሌ ላስቲክ ላልቷል፣ በላብ ነው። ከጀርባ ቋጥሬዋለሁ፣ ግን ሲጠብቅ ከግራ በኩል ትንሽ ይከፈታል። እዚያ ክፍተት ላይ ጣቴን ሳስገባ የሚያዝያው ነገር ይመጣብኛል። ላስቲኩ ብቻውን አልተገኘም። በዚህ ሳምንት ሙሉውን ልለውጠው ነው፤ ያንኑ ዓይነት፣ ሰፋ ያለ ላስቲክ ያለው ካገኘሁ ደግሞ እሱን። ለልጁ ሁለተኛ ሌንስ እጨምራለሁ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እንዲያደርግ።