ሳን ሴባስቲያን፦ ቆሞ መብላት ይሻላል ወይስ ተቀምጦ?

ሳን ሴባስቲያን ልሄድ ነው የሚል ሰው ሁሉ «የትኛው ምግብ ቤት ልግባ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «ቆመህ ነው የምትበላው ወይስ ተቀምጠህ?» እለዋለሁ። ያሾፍኩበት ይመስለዋል። የምሬን ነው። በዚህች የሰሜን ስፔን የባሕር ዳርቻ ከተማ ወጪያችሁም ምሽታችሁም የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

የአገሩ ሰዎች ባስኮች ናቸው። ከተማዋን በራሳቸው ቋንቋ ዶኖስቲያ ይሏታል። ማታ ሲሆን ከባር ባር ይዞራሉ። አንድ ቤት አንድ ፒንቾ፣ አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ፒንቾ በሁለትና ሦስት ጉርሻ የሚያልቅ ምግብ ነው፤ አጉራሽ የለውም እንጂ።

ስትገቡ ባንኮኒው ከዳር እስከ ዳር በሳህን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ዳቦ ላይ የተቆለለ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሽሪምፕ። ዓይን ይሞላል። አዲስ ሰው እዚያው ይጠግብና ይወጣል። እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ነው የሆንኩት። ቀና ብላችሁ ግድግዳውን እዩ። በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ አለ። ትኩሱ ምግብ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ስታዙት ነው የሚሠራው። ዋጋው ከባንኮኒው ብዙም አይርቅም፤ አብዛኛው ከ3 እስከ 6 ዩሮ ነው። ጣዕሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከባንኮኒው የምታነሱት አንድ ነገር ቢኖር ሂልዳን ነው። ስቴኪኒ ላይ የተሰካ አረንጓዴ የወይራ ፍሬ፣ በኮምጣጤ የቆየ ቀጭን ቃሪያ፣ በጨው የታሸች አንቾቪ የምትባል ትንሽ ዓሣ። በቃ ይኼው ነው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ እዚሁ ከተማ የተፈጠረች ናት። ሙሉዋን በአንድ ጊዜ ጎረስ ነው። ቃሪያው አያስፈራችሁ፤ ስንግ የለመደ ሰው ልብ እንኳ አይለውም።

አሁን ሰፈር እንምረጥ። አሮጌው ከተማ፣ ፓርቴ ቪየሃ፣ ስመ ጥሮቹ ባሮች የታጨቁበት ነው። ጋንባራ በእንጉዳይ ይታወቃል፤ መሐሉ ላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ጣል ተደርጎ ይመጣል። ላ ኩቻራ ዴ ሳን ቴልሞ ባንኮኒው ባዶ ነው፤ ሁሉ ነገር ከኩሽና ትኩስ ይወጣል። ባር ኔስቶር ደግሞ ጉድ ነው። የድንችና እንቁላል ቶርቲያ በቀን ሁለት ብቻ ይሠራል፤ አንዱን ለምሳ፣ አንዱን ለእራት። ቁራጭ የፈለገ ሰው ቀድሞ ሄዶ ስሙን ያስመዘግባል። ለእንቁላል ወረፋ! ግን ካልደረሳችሁ አትዘኑ። እዚያው ቤት የቲማቲም ሰላጣ አለ፤ ቲማቲም፣ ዘይትና ጨው ብቻ። በበጋ ቲማቲሙ ሲበስል ከቶርቲያው እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የአሮጌው ከተማ ችግር ሰው ነው። በሐምሌና ነሐሴ ክርን ለክርን ተጋፍታችሁ ነው የምትበሉት። ልጅ ይዞ ለሚሄድ አይሆንም። ያኔ ኡሩሜያ ወንዝን ተሻግራችሁ ግሮስ ግቡ። ከሱሪዮላ የባሕር ዳርቻ ጀርባ ያለው ሰፈር ነው፤ የከተማው ሰው የሚበዛበት፣ ቦታም የሚገኝበት። ሐሙስ ማታ ፒንቾ ፖቴ የሚሉት ነገር አለ፤ መጠጥና አንድ ፒንቾ አንድ ላይ በጥቂት ዩሮ ይሰጣሉ። ቦዴጋ ዶኖስቲያራ እዚያ ነው፤ ለሂልዳ ጥሩ ቤት ነው። ጊዜያችሁ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ ግን ግፊያውን ችላችሁ አሮጌው ከተማ ሂዱ። ሁለት ምሽት ካላችሁ ሁለተኛው የግሮስ ይሁን።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ስፔን የአሳማ ሥጋ አገር ነው፤ በማይጠረጠርበት ቦታ ይደበቃል። አንድ ባር ውስጥ ክሮኬታ አዘዝኩ። ክብ፣ ወርቃማ፣ የተጠበሰች ነገር። ውስጧ ወተትና ዱቄት ነው ተብያለሁ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው ሮዝ ቁርጥራጭ ያየሁት፤ ሀሞን፣ የአሳማ። አስተናጋጁን ስጠይቀው «ትንሽ ናት እኮ» አለኝ። ስለዚህ ቃላቱን ያዙ፦ ሴርዶ አሳማ ነው፣ ቴርኔራ የጥጃ ወይም የከብት ሥጋ ነው። ቺስቶራ፣ ቾሪሶ፣ ሀሞን ሁሉም አሳማ ናቸው። «ሲን ሴርዶ» ማለት ያለ አሳማ ማለት ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ የተጠበሰ ቃሪያ፣ የቲማቲም ሰላጣና ያለ አስኳል እንጉዳይ ያደርሷችኋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ልተወው።

ተቀምጬ ነው የምበላው ላላችሁ ደግሞ ሲድሬሪያ፣ የፖም መጠጥ ቤት፣ አለ። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላችሁ አስቲጋራጋ ትሄዳላችሁ፤ የፖም መጠጥ የሚጠመቅበት መንደር ነው። የሚቀርበው ምግብ የታወቀ ነው፦ የኮድ ዓሣ ያለበት የእንቁላል ጥብስ፣ ከዚያ ኮድ ራሱ ከቃሪያ ጋር፣ ከዚያ ቹሌታ የሚሉት የላም ጎድን ሥጋ፣ በመጨረሻ የኢዲያሳባል የበግ ወተት አይብ ከዋልነት ጋር። ለአንድ ሰው 40 ዩሮ እና ከዚያ በላይ ያዙ፤ መጠጡ እዚያው ውስጥ ነው። ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን ፒንቾ እያሉ ስድስት ባር የዞረ ሰውም ሒሳቡን ሲደምር ከዚያ ብዙም አይርቅም።

መጠጡ አያታልላችሁ። ጠጅ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል። ጣፋጭ አይደለም፤ ይጎመዝዛል። አንዱ «ቾች!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሹካውን ጥሎ ይነሳል። የትልቁ በርሜል ቡሽ ይከፈታል፣ እንደ ክር የቀጠነ መጠጥ ይፈናጠራል፣ ተሰልፋችሁ ብርጭቋችሁን አዘንብላችሁ በአየር ላይ ትቀልቡታላችሁ። ሁለት ጣት ያህል ብቻ። ወዲያው ጠጥታችሁ ወደ ቦታችሁ። ተቀምጦ መብላት ያልኩት እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

ቹሌታው ግን ለእኛ ሰው የተሠራ ነው። ዕድሜ ከጠገበ ላም የተቆረጠ ወፍራም የጎድን ሥጋ፣ ከውጭ በፍም የተለበለበ፣ ከውስጥ ቀይ። ፈረንጁ ጓደኛችሁ ሊሸማቀቅ ይችላል። ለብለብ ክትፎ ያደገበት ሰው ግን ቤቱ የገባ ነው የሚመስለው። ቅመም የለውም፤ ደረቅ ያለ ጨው ብቻ። አብሮኝ የነበረ ልጅ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ ከኪሱ አወጣ። አስተናጋጁ መጥቶ አሸተተው፣ በጣቱ ጫፍ ቀመሰ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከዚያ ትንሽ በብልቃጥ ጠየቀን።

ጊዜውን ግን አስሉ። የቾች ወቅት ከጥር አጋማሽ ገደማ እስከ ሚያዝያ ነው። አብዛኛው ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። ጾመኛ ከሆናችሁ ከጥምቀት ማግስት እስከ ጾሙ መግቢያ ያሉትን ሳምንታት ያዙ። ሌላ ጊዜ ከሄዳችሁ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ አሉ፤ ፔትሪቴጊ አንዱ ነው።

ሚሽላን የሚባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ ሦስት ኮከብ የሰጣቸውን ቤቶች በአጭሩ ልለፋቸው። አርሳክ ከ1989 ጀምሮ ሦስት የሚሽላን ኮከብ አለው፤ አኬላሬ ኢጌልዶ ተራራ ላይ ሆኖ ባሕሩን ያያል። ለአንድ ሰው ከ200 ዩሮ በላይ ነው፣ ወራት ቀድሞ ይያዛል። የጋብቻ በዓል ካልሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው ካልከፈለ፣ እኔ በዚያ ገንዘብ አራት ምሽት አሮጌው ከተማን እዞርበታለሁ።

ጣፋጭ የምትወዱ 31 ነሐሴ የተባለው መንገድ ላይ ላ ቪኛ አለላችሁ። ከተማዋ በ1813 በዚያ ቀን ስትቃጠል የተረፈው መንገድ ነው። ኬኩም አናቱ የተቃጠለ ነው፤ ከላይ ጥቁር፣ መሐሉ እርጥብ፣ አንድ ሳህን ለሁለት ይበቃል። ብዙዎቹ ባሮች ግን እሁድ ማታና ሰኞ ይዘጋሉ፤ ከቀትር በኋላም ኩሽናቸው እስከ ምሽት ያርፋል። በ10 ሰዓት ርቧችሁ ብትደርሱ፣ ያቺ የፈረደባት የባንኮኒ ዳቦ ናት የምትጠብቃችሁ።