በደብረ ማርቆስ የሚሸጥ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ

በደብረ ማርቆስ ከአንድ የመኖ መደብር ቦቫንስ ለተባለው ዝርያ ዶሮዎቼ የምገዛው የእንቁላል ጣይ መኖ በአመዛኙ የሚመሰገን ነው። በቆሎው አልሻገተም፤ የኑግ ፋጉሎውም (ዘይቱ የወጣለት የኑግ ጭማቂ ቅሪት) ትኩስ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የካልሲየም ምንጭ የሆነው የኖራ ድንጋይ በዱቄት ብቻ ሳይሆን በደቃቅ ጠጠር መልክም ተጨምሮበታል። የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው የሚሠራው በሌሊት፣ ዶሮዋ መኖ በማትበላበት ሰዓት ስለሆነ፣ በሆዷ ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟው ጠጠር ከዱቄቱ ይበልጥ ይጠቅማታል። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል፤ ይህ ከመኖው ካልተገኘ ዶሮዋ ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች፣ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ጡንቻዋም ስለሚደክም እንቁላሉ ሳይወጣ ተይዞ ሊገድላት ይችላል።

ቅሬታዬ ከረጢቱን ይመለከታል። የጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካልሲየም ሊኖረው ሲገባ፣ መጠኑም ሆነ የተመረተበት ቀን አልተጻፈበትም። ሻጩ ያንኑ መኖ ለቄቦችም ይመክራል፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ መጣል ላልጀመረች ቄብ ይህን ያህል ካልሲየም ኩላሊቷን ይጎዳል። ዋጋው ከተራው መኖ ከፍ ቢልም ለጣዮቹ ሳላመነታ እገዛዋለሁ። እንቁላል ተይዞባት ሊሆን ስለሚችል፣ ጭራዋን ጥላ የምታምጥና የተኮራመተች ዶሮ ካለች ግን መኖ መቀየር አይበቃም፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት።