የድብርት መድኃኒት እንቅልፍ ሲነሳ፦ ሰዓቱን መቀየር ወይስ የእንቅልፍ ኪኒን መጨመር?

ሁለት የድብርት መድኃኒት አንድ ላይ እየወሰዱ እንቅልፍ ማጣት በጣም ያደክማል። ሐኪም ጋ ሲኬድ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሁለት ምርጫዎች እነዚህ ናቸው።

ሰዓት መቀየር፦ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ብዙዎችን ያነቃል፤ ማታ የሚውጠው ሰው ወደ ጠዋት ቢያዞረው ሊተኛ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን የተባለው ሌላው የድብርት መድኃኒት ደግሞ ስለሚያስተኛ ቦታው ማታ ነው። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም።

ኪኒን መጨመር፦ ዳያዜፓም የተባለው የሚያረጋጋ ኪኒን ያኔውኑ ያስተኛል። ሳምንታት ሲቆይ ግን ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ጠዋት ያደነዝዛል። ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። እባካችሁ፣ አሚትሪፕቲሊንንም «ለእንቅልፍ» ብላችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ። ፍሉኦክሰቲን በደም ውስጥ ያለውን የአሚትሪፕቲሊን መጠን ከፍ ያደርገዋል፤ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

እንቅልፉ የጠፋው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ ወዲህ ከሆነ፣ ሐኪም አማክሮ ሰዓት መቀየር ይቀድማል። ጭንቀት ጠንቶበት ሌሊቱን ሙሉ ለሚያነጋ ሰው፣ ሐኪም ለአጭር ጊዜ የሚያዝለት ኪኒን ሊሻል ይችላል። ሳይተኙ ጉልበት ከበዛ፣ ንግግርም ከፈጠነ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ነው።