የጥገና ማኑዋል ይዞ መኪናን በራስ መጠገን፦ የእኔ ግምገማ

ለኮሮላዬ የምጠቀመው የሄይንስን የጥገና ማኑዋል ነው። ወድጄዋለሁ። ይህ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅበት አሠራር አለው። መኪናውን ራሱ ይፈታታል፣ መልሶ ይገጥማል፣ ደረጃ በደረጃ ፎቶ ያነሳል። ፎቶው ላይ የምታዩት እጅ፣ የእናንተም እጅ የሚታገልበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው ያለው።

ጥቅሙ ቁልጭ ብሎ የታየኝ የፊት ፍሬን ሸራ ስቀይር ነው። ሸራ ማውጣት ከባድ አይደለም፤ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ሲነሳ በፍሬን ቱቦው መንጠልጠል የለበትም፣ በሽቦ ይታሰራል። ካሊፐሩ ውስጥ ያለው፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ ከመገፋቱ በፊት ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት መጠን ይታያል። ፒስተኑ ሲገባ ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል። ሥራው ሲያልቅ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ይቺን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ፍሬን ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርድበታል። እንዲህ ያለውን ነገር በጽሑፍ አጠገቤ ማግኘቴ ትልቅ እፎይታ ነው።

ማኑዋሉ ዳዶና ቡሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት የሚሰጣቸውን ቁጥሮች ደግሞ በምንም አልለውጣቸውም። አብዛኛው ሰው ዳዶ የሚያስረው በክንዱ ግምት ነው። የእኔ ኮሮላ የጎማ ዳዶ ግን 103 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው የሚፈልገው፣ አለቀ። ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ) ላይማ ግምት አደገኛ ነው። ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ካንዴላው ከልክ በላይ ከታሰረ የቴስታታው ጥርስ ይበላል። ስለዚህ ማኑዋል የምትገዙ ከሆነ ቶርክ ሬንችም (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) አብራችሁ ግዙ። ያለሱ የመጽሐፉ ግማሽ ጥቅም ይቀራል።

እንዲህ ያሉ ማኑዋሎች የሚጎድላቸው ነገርም አለ። አንዱ መጽሐፍ የብዙ ዓመት ሞዴሎችን ስለሚይዝ ፎቶው ላይ ያለው ሞተር የእናንተ ላይሆን ይችላል። አፈታቱን በዝርዝር ያስረዱና ወደ መግጠሙ ሲደርሱ «በተቃራኒው ቅደም ተከተል ግጠም» ብለው ያልፋሉ። ለፍሬን ሸራ ይበቃል። ዳሽቦርድ ለፈታ ሰው ግን አይበቃም፤ የትኛው ቡሎን ከየት እንደወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ብልሽት ፍለጋ ላይም ደከም ይላሉ። የኦክስጅን ሴንሰር እንዴት እንደሚወጣ ይነግሯችኋል። የሞተር መብራቱ የበራው በሴንሰሩ ይሁን በተቆረጠ ሽቦ ለማወቅ ግን የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ያስፈልጋል። ለኤሌክትሪክ ሥራ እኔ የምመርጠው የራሱን የአምራቹን ማኑዋል ነው። የሽቦ ቀለሙ፣ የሶኬቱ ቁጥር፣ ሁሉም እዚያ አለ። ብዙ አምራቾች ለአጭር ጊዜ በክፍያ በኢንተርኔት ያስነብባሉ።

ለዘይት፣ ለፊልትሮ፣ ለካንዴላ፣ ለፍሬን ሸራ ግን የሄይንሱን ያለ ማቅማማት ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት የመኪናችሁን ዓመትና የሞተር ኮድ ሽፋኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ።