ፒሲ ወይስ ኮንሶል? የአምስት ዓመቱ ሒሳብ

በመግዣው ቀን ዋጋ ብቻ ከመዘናችሁ ኮንሶል፣ ማለትም ለጌም መጫወቻ የተሠራው ማሽን፣ ያሸንፋል። ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በ2020 ገበያ ላይ ሲውል ባለ ዲስኩ 499፣ ዲስክ የማይቀበለው 399 ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ አቻውን ፒሲ ልገጣጥም ያለ ሰው ግማሹን ያህል ለግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ለሚሠራው ክፍል) ብቻ ያወጣል፤ ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙና ፓወር ሰፕላዩ ገና አልተነኩም።

ኮንሶል የረከሰው ግን አምራቹ ደግ ስለሆነ አይደለም። ሶኒ ባለ 499 ዶላሩን ማሽን በኪሳራ መሸጥ ማቆሙን የተናገረው ከወጣ ወራት ካለፉ በኋላ፣ በ2021 ነው። ትርፉን የሚጠብቀው ከየጌሙ ሽያጭ ከሚቆርጠው ድርሻና ከደንበኝነት ክፍያ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን የደንበኝነት ክፍያ ነው። የገዛችሁትን ጌም ከሌሎች ጋር ኦንላይን ለመጫወት ፕሌይስቴሽን ፕላስ ያስፈልጋችኋል፤ እንደ ፎርትናይት ያሉት ነፃ ጌሞች ግን አይጠይቁም። የዝቅተኛው ደረጃ ዓመታዊ ክፍያ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ከ60 ወደ 80 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል። በአምስት ዓመት 400 ዶላር ይሆናል፤ በ2020ው ዋጋ፣ በ499 ላይ ሲደመር 900 ሊሞላ አንድ ዶላር ይቀረዋል። በዚህ ብር ደህና ፒሲ ይገጣጠማል፤ የፒሲ ጌም መሸጫው ስቲም ደግሞ ኦንላይን ስለተጫወታችሁ አያስከፍልም። ብቻችሁን ታሪክ ያለው ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ግን ይህ ወጪ አይነካችሁም፤ ኮንሶሉ እንደረከሰ ይዘልቃል።

ትልልቅ አዳዲስ ጌሞች ሁለቱም ጋ 70 ዶላር ድረስ ይሸጣሉ። ፒሲ ላይ ቅናሹ ይበዛል፤ ሌላው የፒሲ ጌም መሸጫ ኤፒክ ጌምስ ስቶርም ከ2018 ጀምሮ ነፃ ጌም ሲያድል ቆይቷል። ለኮንሶል ዲስክ ግን የሚገባውን ያህል ቦታ የሚሰጠው ሰው አላየሁም። የጨረሳችሁትን ትሸጡታላችሁ፣ ታውሱታላችሁ፣ ያገለገለ ትገዛላችሁ። ከስቲም የተገዛ ጌም ከአካውንታችሁ ጋር ይቀራል፤ መልሶ መሸጥ የለም። ስለዚህ የዋጋውን ልዩነት ለመቆጠብ ተብሎ ዲስክ የሌለውን ኮንሶል መግዛት ለእኔ የሚያከስር ቁጠባ ነው።

የፒሲ ገዢም የሚረሳው አለ፦ ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ዊንዶውስ። ኮንሶል ቤት ያለው ቲቪ ላይ ይሰካል፣ ጆይስቲኩም አብሮት ይመጣል። የመብራት ፍጆታውም አንድ አይደለም፤ ጉልበታም ግራፊክስ ካርድ ያለው ፒሲ ከኮንሶል የበለጠ ይስባል።

ለሥራ ወይም ለትምህርት የገዛችሁት ዴስክቶፕ ካላችሁ ሒሳቡ ይገለበጣል፤ የጎደለው ግራፊክስ ካርድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ከፍታችሁ ቦታውን ለኩ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን ዋትም አንብቡ። ላፕቶፕ ከሆነ ይህን እርሱት፤ የአብዛኛው ላፕቶፕ ግራፊክስ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም።