ኩዊክቡክስ ዴስክቶፕ ለዋሽንግተን ኤል ኤንድ አይ፦ በሰዓት የሚሰላው መዋጮ ምን ላይ ይሠራል፣ ምን ላይ ይስታል?

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ሠራተኛ ቀጥሮ ደመወዝ በሒሳብ ሶፍትዌሩ በኩዊክቡክስ ዴስክቶፕ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣው «ወርከርስ ኮምፕ» (የሥራ ላይ ጉዳት መድን) የሚባለው ክፍል ለኤል ኤንድ አይ፣ ማለትም ይህን መዋጮ ለሚሰበስበው የስቴቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት፣ አይሆንም። ስሌቱ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ደመወዝ ላይ ይህን ያህል በሚል የተሠራ ነው፤ ከግል መድን ድርጅት ፖሊሲ ለሚገዛባቸው ስቴቶች በደንብ ያገለግላል። ዋሽንግተን ግን ከኦሃዮ፣ ከሰሜን ዳኮታና ከዋዮሚንግ ጋር የሥራ ላይ ጉዳት መድን በመንግሥት ፈንድ ብቻ ከሚሸጥባቸው አራት ስቴቶች አንዱ ነው። የሚያስከፍለውም በደመወዙ ልክ ሳይሆን በተሠራው ሰዓት ነው። በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝና 40 ዶላር የሚያገኝ ሁለት ሠራተኞች በአንድ የሥራ ምድብ ውስጥ ካሉ መዋጮአቸው እኩል ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ሁለት አይተም (በደመወዝ ስሌቱ ውስጥ የሚገባ የሒሳብ መስመር) በእጅ መሥራት ነው፤ አንዱ ለአሠሪው፣ አንዱ ለሠራተኛው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው፤ አንዴ በትክክል ከተሠራ የሰዓት ተከፋዮችን ሒሳብ ያለ ችግር ያወጣል። «ሊስትስ» ከሚለው ውስጥ «ፔይሮል አይተም ሊስት»ን ከፍተው አዲስ አይተም ይጀምሩና «ከስተም ሴትአፕ»ን ይምረጡ። ለአሠሪው ድርሻ «ካምፓኒ ኮንትሪቢዩሽን»፣ ለሠራተኛው «ዲደክሽን» ይሆናል። ተከፋዩ ላይ ኤል ኤንድ አይን፣ ከጎኑም የአካውንት ቁጥርዎን ይጻፉ። «ታክስ ትራኪንግ ታይፕ» ሲጠይቅዎት «ነን» (ምንም) የሚለውን ይምረጡ፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው ገንዘብ ታክስ የሚታሰብበትን ደመወዝ አይቀንስም። ቀጥሎ ስሌቱ በሰዓት እንዲሆን ይምረጡ። እዚያው የሕመምና የዓመት ፈቃድ ሰዓት ይካተት ወይ የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶውን ይተዉት። ኤል ኤንድ አይ የሚፈልገው የተሠራ ሰዓት ብቻ ነው። ለሁለቱም አይተሞች አንድ ዓይነት የዕዳ አካውንት ከሰጧቸው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ የሚከፈለው ድምር በአንድ ቦታ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተመኑን ሲያስገባ ነው። ኤል ኤንድ አይ በየዓመቱ የሚልከው የተመን ማስታወቂያ ለእያንዳንዱ የሥራ ምድብ ጠቅላላውን የሰዓት ተመን፣ ከዚያም ከሠራተኛው ሊቆረጥ የሚችለውን ያሳያል። የሠራተኛው ድርሻ በጠቅላላው ውስጥ ያለ እንጂ በላዩ የሚጨመር አይደለም። ለምሳሌ ያህል ብቻ ጠቅላላው በሰዓት 0.6000 ዶላር፣ የሠራተኛው 0.1500 ነው እንበል። የአሠሪው አይተም ላይ የሚገባው 0.4500 ነው። 70 ሰዓት ለሠራ ሰው 31 ዶላር ከ50 ሳንቲም ከአሠሪው፣ 10 ዶላር ከ50 ከሠራተኛው፣ ድምሩ 42 ዶላር ይሆናል። አሠሪው ላይ 0.6000 ከተጻፈ ግን የሒሳብ መዝገቡ 52 ዶላር ከ50 ዕዳ ያሳያል። በእያንዳንዱ ቼክ የሚተርፈው 10 ዶላር ከ50 እየተጠራቀመ ሄዶ፣ ሪፖርቱ ሲሞላ «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ?» ያሰኛል። የሠራተኛውን ድርሻም ከማስታወቂያው ላይ እንዳለ ይገልብጡ እንጂ ጠቅላላውን ለሁለት አይክፈሉ። መዋጮው አራት ክፍል አለው፤ የአደጋ ፈንድ፣ የሕክምና ፈንድ፣ ተጨማሪ ጡረታና ወደ ሥራ መመለሻ። የአደጋ ፈንዱ ሙሉ በሙሉ የአሠሪው ነው፤ ከሠራተኛ ኪስ መውሰድ ሕግ መጣስ ነው።

የትርፍ ሰዓት ላይ ሶፍትዌሩ አያስቸግርም። 45 ሰዓት የሠራ ሰው ለአምስቱ አንድ ተኩል እጥፍ ቢከፈለውም መዋጮው በ45 ሰዓት ይባዛል፣ ልክም ነው። የበዓል ክፍያ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው የበዓል ክፍያን እንደ ተራ የሰዓት ደመወዝ አይተም አድርጎ ይሠራዋል፤ ሳጥኑ የሚያስቀረው የሕመምና የዓመት ፈቃድን ብቻ ስለሆነ ሰውየው ቤቱ የዋለበት 8 ሰዓት እንደ ተሠራ ይቆጠራል። በዓል ባለበት ቼክ ላይ ሁለቱንም መስመሮች በእጅ ማስተካከል ግድ ነው። ለዚህ ሶፍትዌሩ ንጹሕ መውጫ አላበጀም።

የወር ደመወዝተኛ ላይም ይስታል። ኤል ኤንድ አይ ለእነዚህ ትክክለኛውን ሰዓት ወይም በወር 160 ሰዓት እንዲያስታውቁ ይፈቅዳል። 160ን ከመረጡ አይተሙን በሰዓት ሳይሆን በብዛት («ኳንቲቲ»፣ ቁጥሩን ራስዎ በሚሞሉት) እንዲሰላ አድርገው ለብቻው ይሥሩት፤ በወር ሁለት ጊዜ ለሚከፈል ሠራተኛ በየቼኩ 80 ይሙሉ። በየሁለት ሳምንቱ ለሚከፈል ግን መጠንቀቅ ያሻል። 26 ቼክ በ80 ሲባዛ 2,080 ይመጣል፣ የሚፈለገው ግን 1,920 ነው። ስድስት ቼክ በሚወድቅበት ሩብ ዓመት 480 ሞልቶ ልክ ይሆናል፤ ሰባተኛ ቼክ ያለበት ሩብ ዓመት ላይ በሰባተኛው ዜሮ ይጻፉ።

ከሁሉ የከበደው አንድ ሰው በሁለት ምድብ ሲሠራ ነው። ጠዋት ቀለም ቅብ፣ ከሰዓት የጣራ ሥራ ላይ የሚውል ሠራተኛ ሰዓቱ በምድብ የሚከፋፈለው በየዕለቱ የተያዘ መዝገብ ካለ ነው፤ ከሌለ ሁሉም ሰዓት ውድ በሆነው ምድብ ይታሰባል። በሰዓት የሚሰላ አይተም የቼኩን ሰዓት በሙሉ ስለሚወስድ፣ ሁለት ጥንድ አይተም ቢያስገቡለት ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ይቆጥርብዎታል። እዚህም በብዛት («ኳንቲቲ») የሚሰላ አይተም ይሥሩና ከሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ እያዩ በየቼኩ ይሙሉ። እንዲህ ያሉ ሠራተኞች የበዙበት ድርጅት፣ ሰዓትን በምድብ ከፋፍሎ የሚይዝ የደመወዝ ሶፍትዌር ቢፈልግ ይሻለዋል።

የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ መዋጮንና ደብሊው ኤ ኬርስን (የስቴቱን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ፈንድ መዋጮ) ከዚህ ጋር አይቀላቅሏቸው። እነሱ ከደመወዝ በመቶኛ የሚሰሉና ለሌላ መሥሪያ ቤት፣ ለኢምፕሎይመንት ሴኪዩሪቲ ዲፓርትመንት የሚገቡ ናቸው።

በእጅ የሠሩት አይተም የኤል ኤንድ አይን ሪፖርት አይሞላልዎትም። ሰዓቱንና ጠቅላላ ደመወዙን ከ«ፔይሮል ሰመሪ» ያወጡና በየምድቡ ለይተው በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ ያስገቡታል፤ ማብቂያዎቹ ኤፕሪል 30፣ ጁላይ 31፣ ኦክቶበር 31 እና ጃንዋሪ 31 ናቸው። ማንም ያልሠራበት ሩብ ዓመትም ዜሮ ተብሎ ይላካል። ኤል ኤንድ አይ የሩብ ዓመቱን ሰዓት ደምሮ በተመኑ ሲያባዛ፣ ኩዊክቡክስ ደግሞ እያንዳንዱን ቼክ ወደ ሳንቲም ስለሚያጠጋጋ ጥቂት ሳንቲሞች ይለያያሉ፤ «አድጀስት ፔይሮል ላያቢሊቲስ» በሚለው ያስተካክሉት። ልዩነቱ በዶላር ከሆነ ግን ከማስተካከልዎ በፊት የበዓል ሰዓቱንና የአሠሪውን ተመን ይመልከቱ። ተመኑ በጃንዋሪ 1 ሲቀየርም አይተሙ ላይ መለወጥ ብቻ በቂ አይደለም፤ በሠራተኛው ካርድ «ፔይሮል ኢንፎ» ሥር አሮጌው ቁጥር ቀርቶ እንደሆነ አንድ በአንድ ይዩ።