የስትራስበርግ ካርድ ወይስ የኖላን ራያን?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ልጆቻችሁ የቤዝቦል ካርድ መሰብሰብ ከጀመሩ ወዲህ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አሁን ስሙ የገነነውን ወጣት ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረውን ተጫዋች) ካርድ እንግዛ ወይስ የድሮውን?» የድሮውን ግዙ። ይህን ያወቅሁት ገንዘቤን ከስሬ ነው።

በፈረንጆቹ 2010፣ በሰኔ ወር፣ ስቴፈን ስትራስበርግ ለዋሽንግተን ናሽናልስ በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን ኳስ አስስቶ ሲያስወጣ ከተማው በእሱ ወሬ ተጥለቀለቀ። እኔም ሱቅ ለሱቅ ዞሬ፣ በነሐሴ የጀማሪነት ካርዱን በ140 ዶላር ገዛሁ። ወሩ ሳያልቅ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ዕድሜው 22፣ የወረወረባቸው ጨዋታዎች 12 ብቻ ነበሩ። ካርዱን ይዤ ወደ ሻጩ ስመለስ 60 ዶላር አለኝ፤ እምቢ ብዬ ወጣሁ።

ልጁ ታክሞ ተነሣ። በ2019 የአሜሪካ ቤዝቦል የፍጻሜ ውድድር (ወርልድ ሲሪስ) ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውልም ፈረመ። ከውሉ በኋላ ግን 8 ጨዋታ ብቻ ወርውሮ በ2024 ጡረታ ወጣ። ካርዱን በመጨረሻ በ18 ዶላር ለቀቅሁት። ሰውየውን አሁንም እወደዋለሁ።

የወጣት ወርዋሪ ካርድ ስትገዙ ገንዘባችሁን የምታስሩት በአንዲት ጅማት ላይ ነው። በሰዓት 100 ማይል የሚበር ኳስ ሲወረወር ክርኑ እንዳይገነጠል የምትይዘው እሷ ናት። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከወርዋሪው ከቶሚ ጆን ቀኝ ክንድ ጅማት ወስደው የግራ ክርኑን ከጠገኑ ወዲህ ጉዳቱ መድኃኒት አግኝቷል። ማገገሙ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ካርድ ገዢ ያን ያህል አይታገሥም።

የድሮው ወርዋሪ ኖላን ራያንም የክርኑ ጅማት ተበጥሷል፤ በ1993፣ በ46 ዓመቱ፣ 27 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 5,714 ጊዜ መቺዎችን ኳስ አስስቶ ካስወጣ በኋላ። ሥራው አልቆ ነበርና ጉዳቱ ከስሙ የሚቀንሰው አልነበረም።

የራያን ካርድ ችግር ሌላ ነው፤ ሐሰተኛው በዝቷል። ከሌላው ወርዋሪ ከጄሪ ኩዝማን ጋር የወጣበት፣ ቶፕስ የተባለው ካርድ አታሚ በ1968 ያወጣው ካርድ ተጎሳቁሎ እንኳን በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። አንድ ወዳጄ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ250 ዶላር ገዝቶ እየተደሰተ አመጣልኝ። በማጉያ መነጽር ሳየው የስሙ ፊደላት በነጠብጣብ የተሠሩ ናቸው። በእውነተኛው ላይ የፊደሉ ቀለም ድፍን ነው፤ ከፎቶግራፍ የተገለበጠው ግን ይበታተናል። ለወዳጄ ይህን መንገር ከበደኝ። ስለዚህ አስቀድማችሁ የዚያኑ ዓመት የማይታወቅ ተጫዋች ካርድ በጥቂት ዶላር ግዙና ሁለቱን ደርባችሁ መጠናቸውን፣ ውፍረታቸውን፣ የጀርባቸውን ቀለም አስተያዩ። ጠርዙ የተከረከመም በዚህ ይያዛል። ካርድ መርማሪ ድርጅት በፕላስቲክ አሽጎ የጥራት ደረጃ የሰጠው ከሆነ መለያ ቁጥሩን በደረጃ ሰጪው ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ፤ ፕላስቲኩም ይኮረጃልና።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ለሌላችሁ ወርዋሪው ጆን ስሞልትዝ አለላችሁ። በ2000 ያንኑ የክርን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ተመለሰ፤ በ2015 ያ ሕክምና ከተደረገላቸው ወርዋሪዎች የመጀመሪያው ሆኖ በቤዝቦል ዝነኞች አዳራሽ ተመዘገበ። የ1989 የቶፕስ ካርዱ በአንድ ወይም በሁለት ዶላር ይገኛል። እጅግ በብዛት ስለታተመ አተርፍበታለሁ ብላችሁ አትግዙት፤ ለልጅ ግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ደረጃ ይሰጠው ብላችሁም አትላኩት፤ ክፍያው ከካርዱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።